ለቅሶ ያለበት ቤት አይለቀለቅም

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1931 ዓ.ም.

አላለቅስም ብያለሁ፤ አላለቅስም። ሬሳ ያየ የለም። ሲወድቅ አየሁ የሚል የለም። ወሬውን ያመጣው ጣልያን የሾመው የጭቃ ሹም ካሳ አሽከር ነው፤ እሱም ከደምበጫ ገበያተኛ ሰማሁ ነው የሚለው። "አንተነህ ደምበጫ ጫካ ውስጥ ወድቋል" አለ፣ በቃ። ባሌን በገበያ ወሬ ልቅበረው? በግ እንኳ ሲጠፋ ይፈለጋል።

አማቴ እማሆይ ግን ወሬው ገና ከበር ሳይገባ ነጠላቸውን ቀደው ጮኹ። ልጃቸው ነው፣ ይጩኹ። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያሉኝ ነው። "ቁርበቱን አንሺ። የተሰቀለውን አውርጂ። ለቅሶ ያለበት ቤት አይለቀለቅም፤ ዓመቱ እስኪወጣ እንዲሁ ይቀመጣል።"

የምን የተሰቀለ? የቀድሞውን ቤታችንን ጣልያን አቃጥሎት ይሄ ጎረቤት ተረባርቦ ያቆመልን ጎጆ ነው። ጭቃ የተለጠፈበት እንጨት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አንተነህ ወደ ዱር ሲወጣ "ክረምቱ ይውጣ እንጂ መጥቼ ቤት አስመስለዋለሁ" ብሎኝ ነበር። ክረምቱ ወጣ። ምርጊቱ ተሰነጣጥቆ ነፋሱ በየቀዳዳው ያፏጫል።

እንግዲያው እኔው ቤት አስመስለዋለሁ። ሙሽራ ነው የማስመስለው! የሚገዛ ነገር የለም፣ መግዣም የለኝም። ያለኝ ይሄ ነው፦ ጭድ፣ የጎረቤቴ የጠጄ ላም እበት፣ ከገደሉ ሥር ነጭ አፈር፣ ከማሳችን ዳር ቀይ አፈር፣ ጥላሸት እንደ ልብ። እልህ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም ናት። አፈር አይቆፈርም። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለእኔ ቅጣት ነው።

በአንድ ግቢ ሁለት ቤት አለን፤ የእማሆይ ትንሿ ጎጆና የኔ። ለቀስተኛው ግቢው መሃል ሲደርስ ግራ ይጋባል። ከፊሉ ወደ እሳቸው ሄደ። ከፊሉ ወደ እኔ በር መጥቶ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆመ። "ማን ሞቶ ነው?" እያልኩ መለስኳቸው። አንዷ "አይ፣ ልቧን ነክቷታል" ስትል ሰማኋት። ልቤን አልነካኝም። የነካኝ ንዴት ነው።

ጠጄ ብቻ አላለቀሰችም። የበሬ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ "እኔስ እውነቱን ለመናገር አላምንም። የተበደረውን መጥረቢያ ለመመለስ እንኳ ዓመት የሚያንገራግር ሰው ነፍሱን እንዲህ በዋዛ ይሰጣል?" አለች። ሳቅ አመለጠኝ። ከእማሆይ ጎጆ ሁለት ሦስት ሰው አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ይየኝ።

ከሰዓት በኋላ ከጠጄ ጋር ገደሉ ሥር ወርደን ነጩን አፈር በዓይናችን ብቻ አይተን ተመለስን። በዓል አልሻርንም። ዓይን ደግሞ አይከለከልም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ጭቃው ለሳምንት ቢቦካ ደንብ ነበር። ሳምንት የሚታገሥ ማን ነው? ጭድ ነስንሼ እግሬ እስኪደነዝዝ ረገጥኩት። የምረግጠው የካሳን አንገት እየመሰለኝ ሥራው ቀለለኝ። ስንጥቁን ሁሉ ደፈንኩ። ከዚያ እበትና የተነፋ አፈር በጥብጬ በእጄ ላግሁት። ግድግዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፤ ፉጨቱ ጠፋ።

ከጠጄ ጋር ተጣላን። እሷ አንበሳ ይሳል፣ መስቀል ይሳል፣ አበባም ይሳል ትላለች። እኔ አይሆንም አልኩ። ድሃ ቤት ላይ ብዙ ነገር ሲደረደር ድህነቱ ነው የሚጮኸው። ከታች እስከ ጉልበት ቀይ፤ ቀሚስ የሚነካውና ዶሮ የሚጭረው እዚያ ስለሆነ እድፍ አይታይበትም። ከላይ ነጭ። በመሃላቸው በጥላሸት አንድ ቀጭን መስመር። አለቀ። ነጩ ላይ ገና እርጥብ እያለ በሦስት ጣቴ እንደ እርሻ ትልም እጎትትበታለሁ። ጠጄ "ይሄማ ያልተጨረሰ ነው የሚመስለው" አለች። ስናየው እንተያያለን አልኳት።

መጋረጃ ያስፈልጋል፤ ከበሩ ቀጥታ አልጋው ይታያል፣ ነውር ነው። የጠጄ ወንድም ጣልያን በግድ መንገድ ሲያሠራው ያገኘውን የዱቄት ጆንያ ሰጠችኝ። በእንዶድ አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ በድንጋይ ደበደብኩት። የፈረንጁ ጽሕፈት አልለቅ አለ። እነሱ ራሳቸው አገር አልለቅ ብለው የለ! ገልብጬ ሰፋሁት፤ ጽሕፈቱ ወደ አልጋው ዞረ። ከአሮጌ ቀሚሴ ጥለቱን ቀድጄ ከታች ዙሪያውን አስገባሁበት። ያ ቀይና አረንጓዴ ጥለት እዚያ ቦታ ላይ ምን ያህል እንዳማረ! ይሄን የሚያይልኝ ሰው አጠገቤ ባለመኖሩ ደግሞ ተናደድኩ።

የምጽፍበት ወረቀት ጣልያን ከአውሮፕላን የበተነው ነው። ፊቱ ላይ እጃችሁን ስጡ ይላል። ጀርባው ንጹሕ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ነጩን አፈር ከጠጄ ጋር በጆንያ ተሸክመን አመጣን። ወገቤ ተቆረጠ። በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ በበግ ቆዳ ቁራጭ ቀባሁ። እርጥቡ ግራጫ ነው፤ ሲደርቅ ግን ከውስጥ የሚበራ ይመስላል። በትልሙ ላይ ከበሩ የሚገባው ፀሐይ ሲያርፍ ጠጄ አንበሳዋንም አበባዋንም ረሳች። ጠጄን ማስረሳት ቀላል ነገር አይደለም።

እማሆይ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፤ አልገቡም። ፊታቸው በልቅሶ አብጧል።

"ነጭ ለሙሽራ ነው።"

"ለሙሽራ ነው እማሆይ፤ ባሌ ሲመጣ ሙሽራ ነው።"

"ውብነሽ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ተይ። ሰው ያያል።"

"ሰው እንዲያይልኝ ነው እንጂ! ልጅዎን እርስዎ ከቀበሩት እኔ ምን ላድርግ?"

አፌ እንዲህ አለ። ፊታቸው ሲጨልም አየሁ። አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ዋጡት፣ ሄዱ። አልጸጸተኝም። ወይም እስካሁን አልጸጸተኝም።

ብቻዬን ስቀር ግን እጄ ቆመ። እውነት ሞቶ ቢሆንስ? ይሄን ሁሉ የምቀባው ለማን ነው? ልብሱን ማን አወለቀለት? ዓይኑን ማን ከደነለት? ወዲያው ብድግ ብዬ ጥላሸቱን በጠበጥኩና መስመሩን ጀመርኩ። መስመር የሚሠራ ሰው ማልቀስ አይችልም፤ ይጣመምበታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

አለቀ!

መደቡን ቀይ ለቅልቄ ቁርበቱን ጸጉሩን ወደ ላይ አድርጌ አነጠፍኩ። ጣልያን ካረዳቸው በሬዎች የተጣለ ቀንድ ጠጄ አምጥታልኝ ነበር፤ እርጥብ ጭቃው ውስጥ ተክዬው ስለነበር ዛሬ ጠንክሯል፣ ዕቃ ይሰቀልበታል። ከጣልያን ምሽግ ሥር ያነሳሁትን ጣሳ በሚስማር ቀዳድቼ ውስጡ ጧፍ አቆምኩ። ጠላቴ የበላበት ጣሳ ነው፤ ልወረውረው ነበር። ብርሃኑ ነጩ ግድግዳ ላይ ነጠብጣብ ሲሆን ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሴቱ ሁሉ ምክንያት እየፈጠረ መጣ። አንዷ እሳት ልጫር አለች፤ አንዷ ወንፊት አውሺኝ። የማክሰኞዋ ልብሽን ነክቶሻል ባይ ሴትዮ እንኳ መጥታ ግድግዳውን በጣቷ ዳሰሰችና "ይሄ አፈር ከየት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም።

ከዚያ ካሳ መጣ። ቆቡን አውልቆ ሳይጋበዝ መደቤ ላይ ተቀመጠ፤ አዲሱ ቁርበት ላይ! አንተነህን ላስረከበ ጣልያን ማዕረግ ቃል እንደገባለት አገር ያውቃል። ጣራውን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ ጥለቱን በበትሩ ጫፍ ነካ።

"ወይዘሮ ውብነሽ፣ እጅሽ ይባረክ። ከተማ እንኳ እንዲህ ያለ ቤት አላየሁም። ለማን ነው እንዲህ ያማረው?"

"ለባለቤቱ።"

"ባለቤቱ ሞተ ይባል የለ?"

"እርስዎ ነዎት ያሉት። እሱ ሲመጣ ያዩታል።"

ሳቀ። ተነሣ፣ ቆቡን ደፋ፣ ሄደ። እኔ ደግሞ ያሸነፍኩት መስሎኝ ለጠጄ እየደጋገምኩ ነገርኳት። ጠጄ ግን አልሳቀችም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ያንተነህ ወንድም ታደለ ከአምበር መጣ። እሳት ጎርሶ፣ እሳት ለብሶ። ሰላም አላለኝም። በሩን ዘጋና "ምን አደረግሽ? አንቺ ሴት፣ ምን አደረግሽ?" አለኝ።

አንተነህ አልሞተም። እግሩን ተመትቶ ደምበጫ አካባቢ ሰው ቤት ተኝቷል። መንቀሳቀስ አይችልም። ሞተ የሚለውን ወሬ ያስነዙት ራሱና ጓደኞቹ ናቸው፤ ፍለጋው ቀርቶ ቁስሉ እስኪጠግግ እንዲተኛ። ካሳ ወሬውን አምኖ ነበር። ጣልያንም አምኖ ነበር። ከዚያ የሟች ሚስት ቤቷን ነጭ ቀባች። በዚህ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ቤት እንደማትለቀልቅ ካሳ ያውቃል፤ እዚሁ ያደገ ሰው ነው። ከእኔ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ምሽጉ ሄደ። ዛሬ ማለዳ ባንዳና የጣልያን አስካሪ ወታደር ወደ ደምበጫ ወረደ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ግድግዳዬ አፍ አውጥቶ ባሌን አሳበቀ። አፌም አግዞታል።

እማሆይስ? እማሆይ ያውቁ ኖሯል! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ! ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ ጠጄ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። "ባሌ መሆኑ ለእርስዎ አይታወቅዎትም? እንደ ባዕድ ይደበቅብኛል?" አልኳቸው።

"ታደለ በመስቀል አስምሎኝ ነበር። ደግሞም ካሳ የሚያምነው የሚስት ለቅሶ ነው። ብነግርሽ ፊትሽ ይስቅ ነበር። አንቺ ፊትሽን መደበቅ የማታውቂ ሰው ነሽ።"

"እርስዎስ እንዴት ያለ እንባ ነው ያለዎት?"

"ልጄ እግሩ ተሰብሮ በሰው ቤት ወድቋል። ለማልቀስ ምክንያት ያጣሁ መሰለሽ?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ግን ንዴቴ አልበረደም። በእሳቸው ተናድጃለሁ፣ በታደለ ተናድጃለሁ፣ ለእናቱ ልኮ ለእኔ ባልላከው በአንተነህ ከሁሉም በላይ ተናድጃለሁ። በሕይወት አለ! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ገና ደስ ሳይለኝ ላስገድለው ነው።

ታደለ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ነገ ለቅሶው በደንቡ ይቆም። ሰው ሁሉ ይይ፣ ካሳም ይይ። ምናልባት መልእክት ልኮ ሰዎቹን ይመልሳቸው ይሆናል።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ጠዋት እማሆይ ጠጉሬን በምላጭ ላጩኝ። እጃቸው ገር ነበር።

ታደለ ማንም ሳያየው ሌሊት ወጥቶ ነበርና "አሁን ከደምበጫ ደረስኩ" ብሎ የአንተነህን ቡልኮ ይዞ እየጮኸ ገባ። ደም ነክቶታል። ደሙ አምበር ላይ የታረደ ዶሮ ደም ነው፤ እሱ ራሱ ነግሮኛል። አውቃለሁ። ልብሱ ግቢው መሃል አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሳየው ግን ማወቄ አልረዳኝም። ያንን ቡልኮ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ጫፉ ላይ የጣፍኩበትን ቦታ አውቀዋለሁ። የዶሮ ነው፣ የዶሮ ነው እያልኩ መሬት ላይ ወደቅሁ። ሐሙስ የያዝኩት እንባ ሁሉ ወጣ። ማስመሰል አላስፈለገኝም።

ሰው ግቢውን ሞላ። ካሳ መጥቶ ከግቢው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቆመ። ደረቱን አልመታም፤ ዓይኑ ከእኔ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ እኔ ይሄዳል። ገባኝ። ቤቱ እንደዚያ አምሮ ቆሞ የኔ እንባ ምን ዋጋ አለው?

ተነሥቼ ገባሁ። መጋረጃውን በጥርሴ ይዤ ቀደድኩት። ጥለቱ ተንጠለጠለ። ቀንዱን ነቅዬ ጣልኩ። ከዚያ ነጩን ግድግዳ በዐሥር ጥፍሬ ከላይ እስከ ታች ቧጠጥኩት፣ ትልሙን በትልሙ ላይ። የተረፈውን የጥላሸት ውኃ አንሥቼ ረጨሁበት። ጥፍሬ ሥር ነጭ አፈርና ደም ገባ። ይሄኛው ደም የዶሮ አይደለም። እንዴት ያለ ንዴት ነበር! ለሰው ዓይን ብዬ የጀመርኩት በኋላ ለራሴ ሆነ። በዕድሜዬ ያማረ ነገር የሠራሁት ያንን ብቻ ነበር።

እማሆይ በር ላይ ቆመው ለሕዝቡ ጮክ ብለው "ልጄ አላመነችም ነበር፤ ዛሬ አመነች! አላመነችም ነበር!" አሉ። ሴቱ ሁሉ አብሮ ጮኸ። ዞር ስል ካሳ ደፉ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ያያል። ቆቡን አወለቀ።

"እግዜር ያጽናሽ" አለኝ።

አላየሁትም። ብቆጣ ፊቴ ያስታውቅ ነበር።

ማታ ላይ ቄሱ መጡ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐት ሊደርስ ነው፤ የአንተነህን የክርስትና ስም ንገሪኝ አሉ። አንተነህ የተጠመቀው አምበር ስለሆነ አያውቁትም። ይሄን አላሰብንበትም ነበር። በሕይወት ባለ ሰው ስም የሙታን ጸሎት ሊጸለይ ነው! እማሆይን አየኋቸው፤ ዐመድ መስለዋል። ለቄሱ እውነቱን እንዳልነግራቸው ፈራሁ፤ ስሙን እንዳልሰጥ ደግሞ ካሳ በር ላይ ተቀምጦ ይሰማል።

ሟቹ አባቴ መሪጌታ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ "ሴት ልጅ ምን ይሠራላታል" ሲሉት አልሰማም ብሎ። የሱን የክርስትና ስም ሰጠሁ። አባቴ ጸሎት አይጠላም።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ፍትሐቱ ደረሰ። በሕዝቡ መሃል የአባቴ ስም ሲጠራ ብቻዬን ቀስ ብዬ አሜን አልኩ። ስንመለስ እማሆይ በጆሮዬ "የማንን ነው የሰጠሻቸው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ቆም ብለው የተላጨ ራሴን ሳሙት። አንተነህን ካገባሁ ጀምሮ ሲስሙኝ የመጀመሪያቸው ነው። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጊዜ ይፈልጋል።

የካሳ ሚስት እዝን ይዛ መጣች። ድፍን ምስር ወጥ ከነእንጀራው። አምኖ ነው የላከው ወይስ እሱም እንደኛ እያስመሰለ ነው? ጠጄ "መርዝ ቢኖርበት ጥሩ ምስር ማባከን ነው" አለችና ቀድማ ቆረሰች። በላነው። የጠላት ወጥ መጣፈጡም ያናድዳል።

ከሰዓት በኋላ በግቢያችን ግርጌ በሚያልፈው መንገድ ላይ አቧራ ተነሣ። ወደ ደምበጫ ወርደው የነበሩት ናቸው። ታደለ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ማየት አልቻለም። እኔ አየሁ። ፈረሰኞቹን አየሁ፣ እግረኞቹን አየሁ፣ በቅሎዎቹን አየሁ። በቃሬዛ የያዙት ሰው የለም። በገመድ የሚጎትቱት ሰው የለም። ጭነቱን ሁሉ በዓይኔ በረበርኩ። አንተነህ መሃላቸው የለም።

እልልታ ከአፌ ሊያመልጥ ሲል እማሆይ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ጥፍራቸው ሥጋዬ ገባ። "እያዩን ነው። አልቅሽ! ውብነሽ፣ አሁን አልቅሽ!"

ጮኽኩ። እሳቸውም ጮኹ። ጠጄም ከኋላ ተቀበለችን። መንገዱ ላይ ያሉት ዞር ዞር እያሉ አዩን፤ አንዱ ፈረሰኛ አማተበ። አለፉ። ኮረብታውን እስኪዞሩ እኔ አላቋረጥኩም። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ እንደዚያም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ድምፄ እስካሁን አልተከፈተም።